የሸማኔው ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት እግር ጥሎኝ ከከተማው ዳር ወዳለው የተፈናቃዮች መጠለያ ጎራ ብዬ ነበር። እግር ጥሎኝ አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት የሰው ቁስል ሳጥብ ኖሬ፣ አሁን መንገድ ላይ የሚያነክስ ሰው ባየሁ ቁጥር ዞር ብዬ ሳላይ ማለፍ አቅቶኛል። ልጆቼ "እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?" ይሉኛል። ይበል! ሰው ካላወራ በምን ይውላል።

የደብረ ብርሃን ብርድ ክረምቱ ወጥቶም አልለቀቀንም ነበር። መጠለያው ውስጥ ጭቃው ገና አልደረቀም። በየድንኳኑ ዙሪያ የዝናብ ውሃ እንዲሄድበት የተቆፈረው ቦይ ግን ውሃው ጎድሎ እርጥብ አፈር ብቻ ቀርቶታል። ከአንዱ ድንኳን ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ጆንያ አንጥፈው ተቀምጠዋል፤ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ግራ እግራቸውን ወደ ቦዩ ሰደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሚስታቸው አጠገባቸው ቆመዋል። የፈላ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ገበሬዎች ናቸው።

ሴትዮዋ ነርስ መሆኔን ሲሰሙ ክሳቸውን አንድ በአንድ አወረዱት። ፍራሽ ተሰጥቷቸው ሳለ ሰውዬው ፍራሹን ትተው እዚህ ተጎልተው ያድራሉ። ገብተው እግርዎን ሰቀል አድርገው ይተኙ ሲባሉ ይቆጣሉ። እግሩ ደግሞ በረዶ ነው፤ በጠርሙስ ላሙቀው ብለው ውሃ ማፍላት የጀመሩት ገና ዛሬ ነው። "ቤቱንም ከብቱንም ሲያስብ ልቡ ሄዷል መሰለኝ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እኔ ግን ቦዩን ነበር የማየው። ያን የመሰለ ጉድጓድ አውቃለሁ። ያደግኩበት ቤት መሐል ላይ ነበረ።

አባቴ ሰይድ ሸማኔ ነበር። አገራችን አልዩ አምባ ነው። ከአንኮበር ቁልቁለቱን ሲወርዱት ብርዱ ከኋላ እየቀረ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ጋቢህን ትከሻህ ላይ ትጥለዋለህ፣ ቀጥሎ ክንድህ ላይ ታደርገዋለህ፣ ታች ስትደርስ ሎሚውና ሽንኩርቱ ይሸትሃል፣ ማሽላው ከግራ ከቀኝ ይቆማል። ደጋና ቆላ በአንድ ጠዋት መንገድ ላይ የሚገናኙበት አገር ነው። የገበያ ቀን የደጋው ክርስቲያን ገብሱን ጭኖ ይወርዳል፣ የእኛ ነጋዴ ጫቱንና በርበሬውን ዘርግቶ ይጠብቀዋል፣ ሲጨቃጨቁ ውለው ተመራርቀው ይለያያሉ።

የሸማኔ ቤት ላላየ ሰው ትንሽ ልንገረው። ሸማኔ የሚሠራው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ነው። እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። እዚያ ታች ሁለት መርገጫዎች በገመድ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እግሩ ጣቶች መሐል ይይዝና በተራ ይረግጣል። በረገጠ ቁጥር ድሩ ይከፈታል፣ ማጉ በመወርወሪያ በመሐሉ ያልፋል። ሰው ሸማኔ ሲሠራ ቆሞ ሲያይ እጁን ነው የሚያየው። አባቴ ግን "ሸማ የሚሠራው እግር ነው፤ እጅ ተላላኪ ነው" ይል ነበር።

ይል ነበር ስላችሁ ብዙ የሚያወራ ሰው እንዳይመስላችሁ። ዝምተኛ ነበር፣ ያውም የሚያስፈራ ዝምተኛ። ከጎኑ የማትለይ ጋያ ነበረችው፤ ውሃ የተሞላች ቅል ናት፣ በሸምበቆ ትምባሆ ይስብባታል። እየተንቦቀቦቀች ከሱ ይልቅ እሷ ታወራለች እያልን ከወንድሞቼ ጋር በስውር እንስቅ ነበር። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ይነሣል፣ ውዱእ ያደርጋል፣ ይሰግዳል፣ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ለአገሩ ሰው ጋቢና ኩታ ይሸምናል። ሰው ሲሞትም ከፈኑን የሚሸምነው እሱ ነበር፣ ለሱ ደግሞ ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም። "የመጨረሻ ልብስ አይሸጥም" ነበር የሚለው።

እኔ ደብረ ብርሃን ለነርስ ትምህርት የሄድኩ ጊዜ ሰፈሩ አምቶናል። ሴት ልጁን ብቻዋን ደጋ ላከ ተባለ። አባቴ ለሚያማው ሁሉ አልመለሰለትም። ሁለት ድርብ ጋቢ ሸምኖ ሰጠኝና "ብርዱ እንዳይገባሽ" አለኝ፤ በቃ፣ ስንብቱ ይኸው ነበር። እረፍት በሆነ ቁጥር ግን አህያውን ይዞ አንኮበር ድረስ በእግሩ ወጥቶ ከመኪና ይቀበለኛል። ቀድሞኝ ሳይደርስ ቀርቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘገየ። ማሽላው እሸት የያዘበት ሰሞን ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ አንዲት ሴት ከምትሸጠው የገብስ ቆሎ ገዝቼ እየቆረጠምኩ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ከዳገቱ ብቅ አለ፤ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው "ሰው አገኘሁ" አለኝ። አባቴ ሰው አገኘሁ ብሎ ሲዘገይ! መቼም ጉድ ነው ብዬ ዕቃዬን ጫንኩ።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ጉዱ ባሰ። ያገኘነውን ሰው ሁሉ እያስቆመ ሰላምታ ይሰጣል። አገራችን ሰላምታ ረጅም ነው፤ አሰላሙ አለይኩም ብለህ፣ ልጆቹን ጠይቀህ፣ ላሟን ጠይቀህ፣ አዝመራውን ጠይቀህ፣ አልሐምዱሊላህ ተባብለህ፣ እንደገና ከልጆቹ ትጀምራለህ። አባቴ ግን ዱሮ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ነበር። አሁን የሰውዬውን ያረገዘች ፍየል ሳይቀር እየጠየቀ ይቆማል። የሚያውቀው ሲያልቅ የማያውቀውን ይጀምራል። ወደ አምባው የሚያወጣው የመጨረሻው ዳገት ላይ ደግሞ ሰው ቢያጣ፣ ሽንኩርት ተሸክማ የምታርፍ አሮጊት አገኘና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ወሬ ጀመረ። ሽንኩርት በሕይወቱ ሸጦም ገዝቶም አያውቅም፣ እናቴ ናት የምትገዛው።

"አባዬ፣ ወሬ ተማርክ እኮ" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ የግራ ባቱን እያሻሸ ሳቀ። "ሰው ሲያረጅ ሰው ይወዳል" አለኝ።

ደስ አለኝ። የሰፈሩም ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ሰይድ ምላሱ ተፈታ፣ አላህ ልቡን አለዘበለት ይባላል። ቤት ስንደርስ እናቴ ደግሞ ሌላ የምሥራች ይዛ ጠበቀችኝ። አባትሽ ሌሊቱን ሁሉ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ነው፣ አልጋ ላይ ጎኑን አሳርፎ ብድግ ይላል፣ የምረቃሽን ኩታ እየሠራ ይመስለኛል፣ እንዳታውቂ ሆነሽ ዝም በይ አለችኝ። እኔም ደስ ስላለኝ እንዳላወቅሁ ሆኜ ዝም አልኩ። ጋያዋ ስትንቦቀቦቅ እየሰማሁ ተኛሁ። የመወርወሪያ ድምፅ ግን አልሰማሁም። ለምን እንዳልሰማሁ ያኔ የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም።

ወደ ትምህርቴ ተመልሼ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን መምህራችን የነበረው ሐኪም ተማሪዎቹን ሰብስቦ ወደ አንድ በሽተኛ ወሰደን። ከሰላ ድንጋይ የመጣ ገበሬ ነው፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ወደ ታች አንጠልጥሏል። ሲጋደም ያመዋል፣ ሲያንጠለጥለው ይሻለዋል፣ ምን ትላላችሁ አለን ሐኪሙ። ከዚያ ራሱ አስረዳን። ደም ወደ እግር የሚወርድበት መንገድ ጠብቧል፤ ሰውዬው ሲጋደም ደሙ እስከ ጣቱ መድረስ ያቅተዋል፣ እግሩን ሲያንጠለጥለው በራሱ ክብደት ትንሽ ይወርድለታል፣ ስለዚህ ቁጭ ብሎ ያድራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ዳገት ላይ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ቆም ሲል ይተወዋል፣ ሲሄድ እንደገና ይይዘዋል። "ሰዉ ብርድ ነው ይላል" አለ። "ደብረ ብርሃን ላይ የማን እግር ይሞቃል? እግርን ከእጃችሁ ጋር አታስተያዩ፤ ከወንድሙ፣ ከሌላው እግር ጋር አስተያዩት።" ቀጥሎ ገበሬውን መንገድ ላይ ሲያምህ ምን ታደርግ ነበር ብሎ ጠየቀው። ገበሬው አፈረ። ጫማዬን የማስር መስዬ እቆም ነበር አለ።

የሽንኩርቷ አሮጊት መጣችብኝ። ያረገዘችው ፍየል፣ ባቱን ማሻሸቱ፣ ጋያዋ ብቻዋን ስትንቦቀቦቅ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። የቀረውን ትምህርት አልሰማሁትም። ፈቃድ ጠይቄ በማግሥቱ ሲነጋ ወደ አንኮበር በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ የእህል ከረጢት ተደግፌ ተሳፈርኩ።

አንኮበር የጠበቀኝ ሰው የለም፤ መምጣቴን የሚያውቅ አልነበረም። ቁልቁለቱን ብቻዬን ስወርድ እነዚያ አባቴ ሰላም ሲላቸው የነበሩት ሰዎች እየቆሙ ሰይድስ እንዴት ነው፣ መንገድ ላይ ካየነው ቆየን ይሉኛል። በተጠየቅሁ ቁጥር እርምጃዬ ይፈጥናል። ወደ አምባው የሚያወጣውን ዳገት በሩጫ ነው የወጣሁት።

ቤት ስገባ ጉድጓዱ የለም። በላዩ ሳንቃ ተደርድሮ በሳንቃው ላይ የማሽላ ጆንያ ተቆልሏል። ሸማው ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። አባቴ መደብ ላይ በጀርባው ተኝቷል፣ ግራ እግሩ በተጣጠፈ ጋቢ ላይ ተሰቅሏል። ፊቱ አልቆ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል። ሲያየኝ ፈገግ አለና "ነርሷ መጣች" አለ።

እናቴ እያለቀሰች ነገረችኝ። አንድ ማለዳ ሌሊቱን የሠራውን ልይ ብላ ሸማውን ብታየው አንድ ስንዝር አላደገም። በማግሥቱም እንደዚያው። ታዲያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ምን ያደርጋል? ጎረቤቶቿን አማከረች። ጉድጓዱ ባለቤት ይዞታል፣ ጂን እግሩን አሥሮበት ነው አሏት። ቁርኣን ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ጉድጓዱ ተከደነ። አባቴ የዚያን ሌሊት እንደ ልጅ ለምኗታል። "ክፈቱልኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈቱልኝ እያለ ሲለምነን፣ የሚለምነን ጂኑ ነው ብለን አልሰማነውም" አለችኝ።

እግሩ ደግሞ በዚያ ሞቃት አገር በረዶ ሆኖባት፣ ማታ ማታ ከምድጃ የሞቀ ድንጋይ አውጥታ በጨርቅ ጠቅልላ ከእግሩ ሥር ታስቀምጣለች። ሞቀህ ወይ ትለዋለች። አልሞቀኝም ይላታል። ስለዚህ ድንጋዩን አብልጣ ታሞቀዋለች። እግሩ መስማት አቁሞ እንደነበር ከየት ታውቀው?

እጄን ታጥቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተማርኩትን በሰው ላይ ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የመጀመሪያው በሽተኛዬ አባቴ ሆነ። ሁለቱንም እግሮች ገልጬ ጎን ለጎን አደረግኳቸው። ቀኙ የሸማኔ እግር ነው፣ ጡንቻው የታወቀ፣ ፀጉር ያለው። ግራው ባቱ ከስቷል፣ ቅልጥሙ ላይ አንዲት ፀጉር የለችም፣ ቆዳው ሳስቶ ያብረቀርቃል። የመጨረሻው ጣት ጠቁሯል። ውስጥ እግሩን ሳየው ድንጋዩ ያቃጠለው ቁስል አለ፣ ሽታም ጀምሯል። በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት። ቀኙ ይሞቃል። ግራው ከቁርጭምጭሚቱ በታች የሰው አይመስልም ነበር።

ከዚያ ትርታውን ፈለግሁ። በቀኝ እግሩ ጀርባ ላይ ወዲያው አገኘሁት፣ ደህና ይመታል። በግራው አጣሁት። ጣቴን አላላሁ፣ አጠበቅሁ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ኋላ ፈለግሁ፣ ከጉልበቱ ሥር ፈለግሁ። አንድ ጊዜ ያገኘሁ መሰለኝና በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። በሌላው እጄ የራሴን አንገት ብይዘው ያገኘሁት የራሴን ልብ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዳያየኝ ጎንበስ እንዳልኩ፣ መምህራችን እንዳስተማረን መጠየቅ ጀመርኩ፤ ስንት መንገድ ሄደህ ነው የሚያምህ አልኩት። አሁን ከመደቡ እስከ ደጃፉ አለኝ።

"መቼ ነው የጀመረህ አባዬ?"

"ሰው መውደድ ስጀምር" አለኝ።

ጆንያውን ጎትቼ አወረድኩ፣ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ አነሣሁ። እናቴ ልትከለክለኝ ተነሣችና ፊቴን ስታይ ተመለሰች። አባቴን ደግፌ አፋፉ ላይ አስቀመጥኩት፣ ግራ እግሩን ምንም እንዳይነካው ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ አንጥፌ ወደ ጉድጓዱ ሰደድኩለት። ቀስ በቀስ የእግሩ ቀለም ከነጭ ወደ ደብዛዛ ቀይ ተለወጠ። ጥርሱን ነክሶ የኖረበት ፊቱ ተፈታ። ለሸማው የተተከለውን እንጨት እንደተደገፈ በጠራራ ቀን እንቅልፍ ወሰደው፣ ማንኮራፋትም ጀመረ። እናቴ ስንት ጊዜ ተኝቶ ያላየችውን ባሏን ቆማ አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ አፏን ይዛ እመሬት ተቀመጠች።

በማግሥቱ ቃሬዛ ተሠራና ጉዞ ወደ አንኮበር ሆነ። ያ ሁሉ አባቴ መንገድ ላይ እያስቆመ ሰላም ያለው ሰው ወሬ ሰምቶ ወጥቶ ይጠብቃል። የደከመው ይለቃል፣ ትኩሱ ይገባል። ላሟን የጠየቀለት ባለ ላም፣ ፍየሏን የጠየቀለት ባለ ፍየል፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ትከሻውን ሰጠ። ለካ ለሰበብ የሰጠው ሰላምታም ሰላምታ ሆኖ ተቆጥሮለት ኖሯል። የሽንኩርቷ አሮጊት መሸከም ባትችል ውሃ ይዛ አብራን ብዙ ወጣች።

እናቴ ከቃሬዛው ኋላ ከእኔ ጋር ነበረች። ዳገቱ መሐል ላይ ክንዴን ያዘችኝና "ድንጋዩ ነው?" አለችኝ። የደም መንገዱ ከጠበበ ዓመታት ሆኖታል፣ ከሁሉ የከፋው ትምባሆው ነው፣ ድንጋዩ ባይኖርም እግሩ ታሞ ነበር አልኳት። ውሸት አልነበረም። እስኪያልቅ ሰማችኝና "አንቺ ነርስ ነሽ። እኔ ሚስቱ ነኝ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አልጠየቀችኝም።

ደብረ ብርሃን መምህራችን ራሱ ተቀብሎ መረመረው። እግሩን ወደ ላይ ቢይዘው ወረቀት መሰለ፣ ሲያወርደው ጠቆር ብሎ ቀላ። ጥፍሩን ተጭኖ ሲለቅ ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቀ፣ ቆየ። የደም ግፊት መለኪያውን መጀመሪያ ክንዱ ላይ፣ ቀጥሎ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አሰረና ሁለቱን አስተያየ። ብሽሽቱ ላይ ትርታ አለ፣ ከዚያ በታች የለም። ወደ እኔ ዞሮ "በትክክል አይተሽዋል" አለኝ። በትምህርት ዘመኔ የተመሰገንኩበት ጊዜ ያ ብቻ ነው፣ እንዲያ የጠላሁት ምስጋናም የለም። የተዘጋውን መክፈት እዚህ አይቻልም፣ አዲስ አበባ ይሂድ፣ ቁስሉ ግን ጊዜ አልተወልንም አለ። ትምባሆ ከዛሬ ጀምሮ ሐራም ነው ብሎም አስጠነቀቀው።

አባቴ ሁሉን ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ለመነ። "ልጄ፣ የምትቆርጡ ከሆነ ከላይ ቁረጡና ጣቶቹን ተዉልኝ። መርገጫ የሚይዙት እነሱ ናቸው።" ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። እጁን ያዘው፤ ብዙ ያዘው።

አዲስ አበባ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በምርኩዝ ተመልሶ አገሩ ሲገባ እናቴ ጉድጓዱን ጠርጋ፣ አፋፉን ለቅልቃ፣ ሸማውን ዘርግታ ጠበቀችው። እኔም ለጥቂት ቀን አብሬ ወርጄ ነበር። አፋፉ ላይ ተቀመጠ። ቀኝ እግሩን ሰደደ። ከግራ በኩል መርገጫው በገመዱ ተንጠልጥሎ ብቻውን ይወዛወዛል። ያን ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ እንጨት ሲያይ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልነግራችሁም፣ አልችልምም።

በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። እናቴ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ከግራ ጎኑ ተቀመጠች፣ እግሯን ወደ ጉድጓዱ ሰዳ መርገጫውን በጣቶቿ ያዘች። ደጃፍ የነበሩ ሰዎች እንዳላዩ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ። አባቴ ቀስ ብሎ "እኔ... አንቺ... እኔ..." ይላል። እሷ ትቀድማለች፣ ትዘገያለች፣ ድሩ ይያያዛል። አንዲት ክር ብትላላ ሙሉ ሸማ የሚፈታ ሰው፣ ሸማው እየተንጋደደ ሲወጣ አንድ ቀን አልተቆጣትም። እሷ ደግሞ አንድ ቀን አልቀረችም። ሥራ አልነበረም እሱ፤ ምን እንደነበረ ሁለቱ ያውቃሉ።

አልቆየም። ልቡም ታሞ ኖሮ እኔ ሳልመረቅ፣ ሽንኩርት በሚነቀልበት ሰሞን ሞተ። ከፈን ሲፈለግ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አልዩ አምባ ላይ ከፈን ሲፈለግ የሚኬደው ወደ እኛ ቤት ነበር። እናቴ ሁለቱ የሠሩትን ሸማ ከእንጨቱ ቆርጣ አወጣችው፤ ሽማግሌዎቹ ለክተው ይኸ አይበቃውም አሏት። ለአገሩ ሁሉ ከፈን የሸመነ ሰው ከሱቅ በመጣ አቡጀዲ ተጠቀለለ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ስንት ዓመት አለፈ፣ ወይ ነዶ፣ ዛሬም አቡጀዲ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

መጠለያው ውስጥ ሽማግሌው አጠገብ ተንበረከክሁ። መጀመሪያ ጠርሙሱን ከሴትዮዋ እጅ ተቀበልኩና መሬት አስቀመጥኩት። ቀኝ እግራቸውን ዳሰስኩ፣ ትርታ አለ። ግራውን ዳሰስኩ። ጣቴን አላላሁ፣ አጠበቅሁ። በሌላው እጄ የራሴን አንገት ያዝኩ፤ ይኸ ልማድ ከዚያ ቀን ወዲህ ለቆኝ አያውቅም። ግራው ላይ ምንም የለም። ቁስል ግን የለውም፣ ጣቶቹም አልጠቆሩም፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ስንት ሄደው ነው የሚያምዎት ብላቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ እስከ ውሃው ቦኖ አሉኝ፤ እዚያ ስደርስ ወረፋ የምጠብቅ መስዬ እቆማለሁ አሉ።

ጠዋት ባጃጅ ይዤ መጥቼ ሆስፒታል እንደምወስዳቸው ነገርኳቸው። እስከዚያ እግሩ አይሰቀል፣ እሳትም ሙቅ ውሃም አይነካው፣ በደረቅ የሱፍ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ይሸፈን አልኩ። ሴትዮዋ እየሰሙኝ ዓይናቸው ወደ ድንኳኑ ጎን ሄደ። እዚያ አካፋ ተደግፏል። ከጎረቤት ተውሰው ያመጡት ነው። ዛሬ ማታ ቦዩን ሊደፍኑት ነበር፤ ቦዩ ከጠፋ ገብቶ ይተኛል ብለው።

"ጥፋት ልሠራ ነበር?" አሉኝ።

"አልሠሩም እናቴ" አልኳቸው። "ቦዩን ይተዉላቸው።"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አጣጥፈው ቦዩ ውስጥ ከባላቸው እግር ሥር አነጠፉት። ከዚያ አካፋውን አንሥተው ለባለቤቱ ሊመልሱ ሄዱ። እኔ እዚያው ጭቃው ላይ እንደተንበረከክሁ እንባዬ መጣ። እናቴን አሰብኳት፤ ሳንቃውን ተሸክማ ወደ ጉድጓዱ ስትሄድ ከእጇ የሚቀበላት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።